በ1962 የተወለዱ አራት ወንዶች

በባቡር ወደ ጻባ እየተመለሳችሁ የምትሰሙኝም፣ ቤት ውስጥ ዕቃ እያጠባችሁ የምትሰሙኝም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ክፍል ስለ አንድ ቁጥር ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልናዘዝ።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ቅጽ አደለችን። ስም፣ አድራሻ፣ የወላጆች የትውልድ አገር፣ ከዚያ ደግሞ «የአባት የትምህርት ዓመታት»። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ምንም ሳታስብ 15 ብላ ጻፈች። እኔ ትንሽ ቆየሁና 12 ጻፍኩ። ውሸት ነበር። ማታ አባቴ እንዲፈርምበት ሰጠሁት። አባቴ ዕብራይስጥ የሚያነበው ቀስ ብሎ ነው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየው፣ ፈረመ፣ መለሰልኝ። ምንም አላለኝም።

ያቺን ቅጽ ረስቻት ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ የቤት ሥራ ተሰጠን፦ ጎልማሳ ወንዶች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከአገር አገር እንዴት እንደሚለያዩ ማወዳደር። ሰንጠረዡን ስከፍት ያቺ ቅጽ ትዝ አለችኝ። እነሆ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣችም።

እስቲ መጀመሪያ ሰንጠረዡ ምን እንደሚል ልንገራችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በሚያወጣው የሰብአዊ ልማት ሪፖርት ውስጥ አንድ ዓምድ አለ። ዕድሜያቸው 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ወንዶች ውስጥ ስንቶቹ ቢያንስ ጥቂት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እንዳገኙ ያሳያል። ቁጥሩ ከሪፖርት ሪፖርት ከፍ ዝቅ ይላል፣ አጠቃላይ መልኩ ግን አይለወጥም። በእስራኤልና በደቡብ ኮሪያ ከአሥር ወንዶች ዘጠኙ ገደማ ናቸው። በኬንያ ከሦስት አንዱ፣ ትንሽም ከፍ ይላል። በኢትዮጵያ ግን ከአምስት አንድ ቢደርስ ነው። የሴቶቹ ዓምድ ለብቻው አለ። የእናቶቻችን ታሪክ ራሱን የቻለ ክፍል ስለሚፈልግ ዛሬ በወንዶቹ ላይ እቆያለሁ።

ይህን ያየ ሰው ወዲያው ምን ይላል? «እነዚያ ትምህርት የሚወዱ ሕዝቦች ናቸው፣ እነዚህ አይወዱም» ይላል። እኔም ትምህርት ቤት እያለሁ ይህን አባባል በተለያየ መልክ ሰምቼዋለሁ። «የኢትዮጵያውያን ወላጆች አልተማሩም፣ ለትምህርት ግድ የላቸውም።» ሰንጠረዡ ግን ይህን አይልም። ምን እንደሚል ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ አለብን።

ይህ ቁጥር እንደ ዘንድሮ አዝመራ አይደለም፣ እንደ ጎተራ ነው። ጎተራ ውስጥ የዘንድሮም የአምናም የካቻምናም እህል አለ። አንድ መንግሥት ዛሬ በየመንደሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢከፍት እንኳ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ትምህርት ቤት ያላገኘው ልጅ አሁን አያት ሆኖ እዚያው ቁጥር ውስጥ ይቆጠራል። በሌላ አነጋገር ቁጥሩ የሚጠይቀው «ይህ ሰው 14 ዓመት ሲሞላው በአቅራቢያው ትምህርት ቤት ነበረ ወይ?» ብሎ ነው።

ስለዚህ አገሮቹን በጅምላ ከማወዳደር ይልቅ በአንድ ዓመት የተወለዱ ሰዎችን ላወዳድር አልኩ። አባቴ የተወለደው በ1962 ነው፣ ቢያንስ መታወቂያው ላይ እንደዚያ ይላል። ቀኖቹን ሁሉ የምናገረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እንግዲህ አራት ሕፃናትን አስቡ። አራቱም በ1962 ተወለዱ፦ አንዱ እስራኤል፣ አንዱ ኮሪያ፣ አንዱ ኬንያ፣ አንዱ ጎንደር።

እስራኤል የተወለደው ልጅ መንገዱ ከመወለዱ በፊት ተጠርጎለታል። የግዴታ ትምህርት ሕግ በ1949 ወጣ፣ አገሪቱ በተመሠረተች በዓመቷ ማለት ነው። ያኔ ግዴታው እስከ 13 ዓመት ዕድሜ ብቻ ነበር። በ1968 ክኔሴት ትልቁን የትምህርት ለውጥ አጸደቀ፣ የግዴታው ዓመታትም ተራዘሙ። ሐቲባት ቤናይም የምንለው መካከለኛ ደረጃ የመጣው በዚያ ለውጥ ነው። ልጁ 16 ዓመት ሲሞላው፣ በ1978፣ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ክፍያ እንዲሆን ሕግ ወጣ። ሁሉም እኩል ተማረ ማለቴ አይደለም። ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች በብዛት ወደ ሙያ ክፍል ይመሩ ነበር፣ ብዙዎቹም በግሩት አልነበራቸውም። ሰንጠረዡ ላይ ግን ሁሉም «አዎ» ናቸው።

የኮሪያውን ልጅ ታሪክ ሳነብ ነው በጣም የተገረምኩት። ከኢትዮጵያ ጋርም ይገናኛልና ትንሽ ልቆይበት። በ1951 የቃኘው ሻለቃ ጦር ፑሳን ወደብ ሲደርስ ኮሪያ የፈራረሰች አገር ነበረች። ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች በየተራ እዚያ ተዋግተዋል፣ ከ120 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። በጃፓን አገዛዝ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለጥቂት ኮሪያውያን ብቻ ነበር። በ1945 ነፃ ሲወጡ አብዛኛው ጎልማሳ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። ማለትም በዚያን ጊዜ የኮሪያ ገበሬና የኢትዮጵያ ገበሬ በትምህርት ያን ያህል አይራራቁም።

ከዚያስ? ጦርነቱ እንዳበቃ፣ ከ1954 እስከ 1959፣ መንግሥት እያንዳንዱን ልጅ አንደኛ ደረጃ ለማስገባት ዕቅድ አወጣና በአብዛኛው ተሳካለት። ክፍሎቹ ከ60 ልጆች በላይ ይታጨቁባቸው ነበር፣ ፈረቃም ነበር። በ1969 ደግሞ ከአንደኛ ደረጃ ወደ መካከለኛ ደረጃ ለመግባት የነበረው የመግቢያ ፈተና መነሣት ጀመረ። የኛ የ1962 ልጅ አንደኛ ክፍል የገባው በዚያን ጊዜ አካባቢ ነው። በ1975 መካከለኛ ደረጃ ሲደርስ ፈተናው የለም። ክፍያው ግን ነበረ፣ ወላጆች ይከፍሉ ነበር። ኮሪያውያን ራሳቸው ዩኒቨርሲቲን «የላም አጥንት ግንብ» እያሉ ይቀልዱ ነበር፣ ገበሬው ልጁን ለማስተማር ከብቱን ስለሚሸጥ። ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አሉኝ፣ እመለስበታለሁ።

የኬንያው ልጅ ሲወለድ አገሩ ገና በእንግሊዝ እጅ ነበረች፣ ነፃነት የመጣው በ1963 ነው። መንግሥት የሠራቸው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ስለነበሩ ሕዝቡ ራሱ ገንዘብ እያዋጣ መሥራት ጀመረ። «ሐራምቤ» ትምህርት ቤቶች ይባላሉ፣ በስዋሂሊ አብረን እንጎትት እንደማለት ነው። በኛ «ደቦ» ብትሉት አትሳሳቱም። መምህራን አይበቁም፣ ላቦራቶሪ የለም፣ ግን በእግር የሚደረስበት ቦታ ነበር። ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው፣ በ1974፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች ክፍያ ተነሣ፣ እሱ ግን ምናልባት አልፎታል። እንግዲህ ዕድሉ ከሦስት አንድ መሆኑ አይገርምም።

አሁን ወደ ጎንደር እንሂድ።

ኢትዮጵያ ዘመናዊ ትምህርት የጀመረችው ዘግይታ አይደለም። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908፣ ተፈሪ መኮንን በ1925 ተከፈቱ። ከዚያ የጣሊያን ወረራ መጣ፣ ከ1936 እስከ 1941። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ከ1937ቱ የካቲት 12 በኋላም ከተማሩት ጥቂት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ። ከነፃነት በኋላ ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ በ1943፣ ጄኔራል ዊንጌት በ1946 ተከፈቱ። ሁሉም አዲስ አበባ ናቸው። በ1961 የአፍሪካ አገሮች ተወካዮች እዚያው አዲስ አበባ ተሰብስበው እስከ 1980 ድረስ እያንዳንዱ ልጅ አንደኛ ደረጃ ይግባ ብለው ወሰኑ። ስብሰባውን ያስተናገደችው ኢትዮጵያ ራሷ በትምህርት ሽፋን ከመጨረሻዎቹ አንዷ ነበረች። አባቴ የተወለደው ከዚያ ስብሰባ በኋላ በዓመቱ ነው።

የቤተ እስራኤል ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በቀጣዮቹ ዓመታት ወደ 25 የሚጠጉ ወጣቶችን ወደ አውሮፓና ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ አስተማረ። ከእነሱ አንዱ ታምራት አማኑኤል ናቸው፣ በ1920ዎቹ አዲስ አበባ የተከፈተውን ትምህርት ቤት የመሩት። ሌላው ዮና ቦጋለ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመንደር ትምህርት ቤቶች ጉዳይ የደከሙት። በ1955 እና በ1956 ደግሞ 27 ወጣቶች ወደ ክፋር ባትያ መጡ፣ ከእነሱም ወደ ጎንደር ተመልሰው ያስተማሩ አሉ። እስቲ ቁጥሮቹን ልብ በሉ። 25፣ 27። በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ። የተማሩት ጥቂቶች ሻማ ነበሩ፣ ግን በሻማ ጎንደርን ማብራት አይቻልም።

እንግዲህ የአባቴን ነገር ልንገራችሁ። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቡና እየተጠጣ፣ «አባዬ፣ ስንት ዓመት ነው የተማርከው?» አልኩት።

«ስድስት ዓመት ተኩል» አለኝ።

ተኩሏን ከዚያ ቀን በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመንደራቸው ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዞ የሚደረስበት አንደኛ ደረጃ ነበር። አባቴ ስምንት ዓመት ሲሞላው ገባ፣ ከብት ጥበቃውን ለታናሹ አስረክቦ። በዚያን ጊዜ ሥርዓቱ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መለስተኛ፣ አራት ዓመት ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ነበር። ሰባተኛ ክፍል ያለው ከተማ ነው። ከተማ መማር ማለት ደግሞ ቤት መከራየት ማለት ነው። ከሌሎች ሦስት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራዩ፣ ስንቅ በየሳምንቱ ከቤት ይመጣል። አያቴ የሰው መሬት የሚያርሱ ጭሰኛ ነበሩ። በ1975 የወጣው የመሬት አዋጅ መሬት ቢሰጣቸውም ኪራይ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ አልሰጣቸውም። አንዱን በሬ ሸጡ።

የኮሪያን ላም አስታወሳችሁ? አያቴም በሬ ሸጠዋል። ትምህርት መውደድ በበሬ የሚለካ ከሆነ ከኮሪያው ገበሬ አያንሱም። ልዩነቱ የኮሪያው ገበሬ ላሙን ሲሸጥ ልጁ አሥራ ሁለት ክፍል ጨርሶ ለዩኒቨርሲቲ ነው፣ አያቴ በሬያቸውን የሸጡት ለሰባተኛ ክፍል ነው።

አባቴ ሰባተኛ ክፍል የገባው በ1976 መጨረሻ ላይ ነው። አብዮቱ ከፈነዳ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዚያ በፊት የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ልኮ ነበር። ዘማቾቹ እነሱ መንደር ሲደርሱ አባቴ «እኔም አንድ ቀን እንደነሱ እሆናለሁ» ብሎ ነበር። በ1977 ግን ጎንደር ጦር ሜዳ ሆነች። ኢዲዩ ከምዕራብ በኩል ይመጣል፣ ኢሕአፓና ደርግ በከተማው ይገዳደላሉ፣ መንገዱ አያስኬድም። አንድ ሳምንት ስንቅ ሳይመጣ ቀረ። በሚቀጥለው ሳምንት አያቴ ራሳቸው መጡና «ተነሥ፣ ቤት እንግባ» አሉት። ደብተሩን ለአከራይዋ ልጅ ትቶ ወጣ። ይኸው ነው ተኩሏ።

በ1979 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አባቴ 17 ዓመቱ ነበር። ስድስተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው በመንደሩ ብርቅ ስለነበር ማታ ማታ ጎልማሶችን ፊደል አስቆጠረ። ዘመቻው በ1980 ከዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ማንበብ የቻሉት እናቶችና አባቶች ግን በኛ ሰንጠረዥ ላይ የሉም፣ ሁለተኛ ደረጃ አይደለማ። አባቴም እንደ አስተማሪ አይቆጠርም።

በ1984 በሱዳን በኩል መጣ፣ በዘመቻ ሙሴ፣ ከታናሽ ወንድሙ ጋር። አባቴ 22፣ አጎቴ 13 ዓመታቸው። እዚህ ላይ ነው ከአገር አገር የሚደረገው ውድድር አንድ ቤት ውስጥ የገባው። አጎቴ እንደ ብዙዎቹ የዚያን ዘመን ልጆች ፕኒሚያ ገባ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ማለት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ጨረሰ። የሙያ ክፍል ነበር፣ ሙሉ በግሩት አልነበረውም፣ በቅጽ ላይ ግን 12 ብሎ ይጽፋል፣ እውነትም ነው። አባቴ ለፕኒሚያ ትልቅ፣ ለጡረታ ትንሽ ሆነ። ኡልፓን፣ ከዚያ ፋብሪካ። አንድ እናት የወለደቻቸው፣ በአንድ መንገድ የተጓዙ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፣ ሆኖም አንዱ እንደ እስራኤል፣ አንዱ እንደ ጎንደር ተቆጠረ። በመካከላቸው ያለው ዘጠኝ ዓመት ነው።

ስለ አያቴም አንድ ነገር ልጨምር። ቄስ ዘንድ ለዓመታት ተቀምጠው ግእዝ ማንበብ የተማሩ ሰው ናቸው። እዚህ ሲመጡ የመዘገባቸው ሰው ዜሮ ብሎ ጻፈ። በእስራኤል ስታቲስቲክስ ውስጥ ግን በየሺቫ ያለፉ ዓመታት የትምህርት ዓመታት ተብለው ይቆጠራሉ። ይቆጠሩ፣ ቅር አይለኝም። የአያቴ ዓመታት ለምን ዜሮ ሆኑ ብዬ ግን እጠይቃለሁ።

እንዳትሳሳቱብኝ፣ «ትምህርት ቤት ባይኖርም ጥበብ ነበራቸው» ብዬ ልዘጋው አይደለም የመጣሁት። አባቴ ራሱ ይህን ሲሰማ ይቆጣል። ትምህርት ማጣቱ ዋጋ አስከፍሎታል። የባንክ ደብዳቤ የማነብለት በዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ እሱ ያሠለጠናቸው ልጆች አለቃ ሆነውበታል፣ ወረቀት ስላላቸው። ቁጥሩ እውነተኛ ጉዳት ይለካል። የማይለካው የሰውየውን ፍላጎት ነው።

ቁጥሩ ዛሬም ሥራ ላይ ነው። እዚህ አገር ትምህርት ሚኒስቴር ለትምህርት ቤቶች ተጨማሪ በጀት የሚያከፋፍልበት መለኪያ አለ፣ ማዳድ ሃቲፑአሕ ይባላል። በውስጡ ትልቁን ድርሻ ከሚይዙት አንዱ የወላጆች የትምህርት ደረጃ ነው። የኔ የሰባተኛ ክፍል ቅጽ ለዚያ የተላከ አይመስለኝም። ነገሩ ሲገባኝ ግን ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አዘንኩ። እኔ ያፈርኩበት ቁጥር ለክፍላችን ተጨማሪ ሰዓት ሊያመጣ የሚችል ዓይነት ቁጥር ነበር።

የቤት ሥራዬን ስጨርስ ግን አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሰንጠረዡ የሚለው «ቢያንስ ጥቂት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት» ነው። በዚያ ዘመን ሥርዓት ሰባተኛ ክፍል መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ነው። በ1994 ከወጣው ፖሊሲ በኋላ ግን ሰባተኛና ስምንተኛ በኢትዮጵያ አንደኛ ደረጃ ተባሉ። እንዲህ ያለው መደበላለቅ በብዙ አገር ስላለ ነው ዩኔስኮ አንድ ወጥ መለያ ያወጣው። ታዲያ አባቴ የት ነው? ከአራቱ ጋር ወይስ ከአንዱ ጋር?

ለእሱ አስረዳሁት። «ግማሽ ዓመቷ ከተቆጠረች ሁለተኛ ደረጃ ቀምሰሃል ማለት ነው» አልኩት። ሲኒውን አስቀመጠና ሳቀ። «ቀምሼያለሁ፣ አልጠገብኩም» አለኝ።

ያኔ ነው ድፍረት ያገኘሁት። የቅጹን ነገር አነሣሁ። 12 ብዬ እንደጻፍኩ፣ ይቅርታ እንድጠይቀው እንደምፈልግ ነገርኩት። ረስቶታል ብዬ ነበር።

«አይቼዋለሁ እኮ» አለኝ። «ቁጥር ማንበብ አያቅተኝም፣ ልጄ። ዝም ያልኩሽ ያፈርሽብኝ መስሎኝ ነው። ደግሞ 12ቱን ሳየው ጥሩ ነበር።»

ከዚያ እናቴ ሦስተኛዋን ቡና ቀዳች፣ ወሬውም ወደ ሌላ ሄደ።

እንግዲህ ለዛሬ ይህን ይዤ ነበር የመጣሁት። ከመለያየታችን በፊት አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። በዚህ ሳምንት አባታችሁን፣ አጎታችሁን ወይም አያታችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «ስንት ዓመት ተማርክ?» ብቻ ሳይሆን «ቀጣዩ ክፍል የት ነበር፣ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» በሉ። ከዚያ የሰማችሁትን ጻፉት፣ ተኩሉንም ጭምር። ቀጣዩ ቅጽ ሲመጣ ትክክለኛውን ቁጥር ጻፉ። እኔ የታናሽ ወንድሜን ቅጽ ባለፈው መስከረም ሞላሁለት። ሣጥኑ ግማሽ አይቀበልም፣ ቢሆንም 6.5 ብዬ ጻፍኩ።

በሚቀጥለው ክፍል በእናቶቻችን ዓምድ እንገናኝ። እስከዚያው ደህና ሁኑ፣ ሻሎም።